ሁለተኛው ካሜራ

የቀረጻ ቡድኑ መኪና ከጎማ መሸጫው ፊት ለፊት ቆሞ ዕቃው ሁሉ ከወረደ በኋላም ዘርፌ ዓይኗን ከኋለኛው በር አላነሣችም። በሩ ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ ነው። በውስጡ የሚታየው አቧራ የለበሰ መቀመጫ፣ ግማሹ የተጠጣ የውኃ ፕላስቲክና የተጨማደደ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። ብርድ ልብሱን አተኩራ ተመለከተችው። ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ ሌሊቱን ሙሉ የተጓዘ ሰው ከሥሩ እንቅልፍ ቢጥለው አይፈረድበትም። ሾፌሩ ግን መጥቶ ብርድ ልብሱን አንሥቶ አራገፈው፤ አቧራው በነነ፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

«ሮዝስ?» አለች በስዋሂሊ።

የቀረጻው ኀላፊ ጄምስ፣ የመብራት መቆሚያ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንድ እግሩን ወደ ፎቁ በሚያወጣው ደረጃ ላይ አኑሮ ነበር። ረዥም፣ ንግግሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ዘወር አለ።

«ሮዝ ሞምባሳ ናት፣ ማማ። የሠርግ ሥራ ይዛለች።»

«የምትቀርጸው እርሷ አይደለችም እንዴ?»

«አንደኛውን ካሜራ የምይዘው እኔ ነኝ። ሮዝ የሁለተኛው ካሜራ ባለሙያ ነበረች። ሁለተኛውን ግን እርስዎ ሰርዘውታል።»

ወቀሳ በሌለበት ድምፅ ነበር የተናገረው፤ ቀኑ ረቡዕ መሆኑን ለሰው እንደሚያስታውስ። መቆሚያውን በትከሻው አስተካክሎ ወጣ። የድምፅ ባለሙያው ብራያን፣ በሁለት እጁ ሁለት ሣጥን አንጠልጥሎ ተከተለው። ዘርፌ ከደረጃው ሥር ቀረች።

የዋጋ ዝርዝሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ከሦስት ወር በፊት በስልኳ ሲደርሳት በደብተር ገልብጣ፣ ለብዙ ቀናት እያነሣች እየጣለች መርምራዋለች። አንደኛ ካሜራ ከነባለሙያው፤ ሁለተኛ ካሜራ ከነባለሙያው፤ መብራት፤ ድምፅ፤ መኪናና ማደሪያ፤ ቅንብር፤ ሙዚቃ፤ ለድንገተኛ ወጪ መጠባበቂያ። ድምሩ ሁለት መቶ ስድሳ አራት ሺሕ ሽልንግ ነበር። በእጇ ያለው መቶ ሰማንያ ሺሕ ነው፤ እርሱም ቢሆን የእርሷ አይደለም። የምታሠለጥናቸው ሴቶች የእቁባቸውን የመጀመሪያ ዕጣ ሳያወጡ፣ በአንድ ድምፅ፣ ለዚህ ሥራ የሰጡት ነው።

ስለዚህ እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። ሙዚቃውን ስትሰርዝ አላመነታችም፤ ሴቶቹ የሚሠሩት በኦሮምኛ ጮክ ብለው እየቈጠሩ ነውና ዜማ አያሻቸውም። መጠባበቂያውን ስትሰርዝ እጇ ትንሽ ዘገየ፤ ለማይታወቅ ነገር ገንዘብ መመደብ ድኻ የማይደርስበት ጥንቃቄ መስሎ ታያት። አሁንም አርባ አምስት ሺሕ ጎደለ። የሁለተኛው ካሜራ ዋጋ ልክ አርባ አምስት ሺሕ ነበር። እርሱንም ቢሆን በግብታዊነት አልነካችውም። ደውላ፣ «በአንድ ካሜራ ብቻ ሥራው ይበላሻል?» ብላ ጠይቃለች፤ የቢሮው ሰውም፣ «አይበላሽም፤ ምስሉ በአንድ ማዕዘን ይወሰናል እንጂ» ሲል በእውነት መልሶላታል። የጠየቀችው ስለ ካሜራው ነበር። ከካሜራው ኋላ ማን እንደሚቆም አልጠየቀችም። አስቀድማ ሞያሌ ድረስ መጥታ ቦታውን ያየችው፣ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የሣቀችው ሮዝ ናትና፣ አንደኛዋ እርሷ ስለ መሆኗ ዘርፌ ለቅጽበት እንኳ አልተጠራጠረችም። መጀመሪያ የመጣ ሰው አንደኛ ካልሆነ ማን አንደኛ ይሆናል?

ደረጃውን ወጣች። ጂሙ ከጎማ መሸጫው ፎቅ ላይ ያለ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። ጠዋትና ማታ የከባድ መኪና ሾፌሮች ብረት ያነሡበታል፤ ከቀትር በኋላ ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት ግን መስኮቶቹ በወፍራም ጨርቅ ይጋረዳሉ፤ የበሩ መቀርቀሪያ ከውስጥ ይገባል፤ ሰዓቱም የሴቶች ይሆናል። ዘርፌ ይህን ሰዓት ከመሠረተች ስድስት ዓመት አልፏታል። ወደ ኬንያ የገባችው በዐሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ወታደር የነበረውን አባቷን ተከትላ ነው። በዋልዳ የስደተኞች ሰፈር ክሊኒክ የተጎዳ አካል የሚያለማምድ ባለሙያ ረዳት ሆና፣ የሰው ወገብ እንዴት እንደሚታጠፍና እንዴት እንደሚቀና ተማረች። ሰፈሩ ሲዘጋ ብዙዎቹ ርቀው ሄዱ፤ እርሷ ከዚህ ቀረች። ዛሬ ኀምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሴቶቹም ሃያ አንድ ናቸው፤ ድንበሩን በእግር እየተሻገሩ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ከወለዱ በኋላ ሆዳቸው አልመለስ ያላቸው፣ ጀሪካን በማንሣት ወገባቸው የተቀጨ። በአሸዋ በተሞላ ጀሪካን ታለማምዳቸዋለች።

የጂሙ ባለቤት ሰሊም ከመብራቶቹ መካከል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ቀልድ የሚወድ ነጋዴ ነው።

«እትዬ ዘርፌ፣ ሆሊውድ አደረግሽልኝ እኮ!» አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ክፋት የለብኝም፤ ታውቂያለሽ። ሾፌሮቹ ይህን ሰዓትም ስጠን እያሉ በር ላይ ገንዘብ ይዘው ይለምኑኛል። ወር እስኪገባ እጠብቃለሁ ብያለሁ፤ እጠብቃለሁ። የሴቶቹ ሰዓት ኪራዩን ራሱ ከቻለ ይኑር። ካልቻለ ግን… ሳዋ?»

«ሳዋ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ወር ሊገባ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር።

የቪዲዮው አሳብ የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው። በኡራን ከብት ጠባቂዎች መንደር፣ በማርሳቢት፣ በናይሮቢም፣ ከቤታቸው መውጣት የማይችሉ ወይም የማይፈልጉ ሴቶች ትምህርቱን በስልክ ላኪልን ይሏታል። ከሴቶቹ የአንዷ፣ የካልቶማ ልጅ መቶ አርባ ስም መዝግባለች። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢከፍሉ የሁለቱ ሰዓት ኪራይ ተሸፍኖ ይተርፋል። በስልክ የተቀረጸ እንዳይሆን፣ ወገብ ሲታጠፍና ጉልበት ሲቀና ጥርት ብሎ እንዲታይ፣ በባለሙያ መሠራት ነበረበት። ሴቶቹም ፊታቸውን ተሸፍነው፣ ሰፊ ልብስ ለብሰው ለመቀረጽ ፈቅደዋል። የፈቀዱትም ለሮዝ ነው፤ «እኔ እቀርጻለሁ፤ እኔው አቀናብራለሁ፤ የወንድ ዓይን አያርፍበትም» ባለቻቸው ጊዜ።

አሁን ይህን ቃል ማን ይጠብቀዋል?

ዘርፌ ወደ ካልቶማ ሱቅ ሄደች። ካልቶማ ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሸንቃጣ፣ ምላሷ የማይተኛ የጨርቅ ነጋዴ ናት። ዘርፌ ቆማ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ካልቶማ የምትለካውን ጨርቅ እስከ ክንዷ ዘርግታ ለካች፤ ደገመች፤ ከዚያ አጠፈችው።

«ወላሂ፣ ዘርፌ፣ ብልጥ ናት ብለን ገንዘባችንን ሰጠንሽ» አለች። «አርባ አምስት ሺሕ ቈጥበሽ፣ ሁለት ጎረምሳ አስገባሽብን!»

«አልገቡም፣ እትዬ ካልቶማ። እርስዎ ሳያውቁ አይገቡም።»

«እኔ ባውቅስ? ባሎቻቸውን የለመንኩት እኔ ነኝ። ሴት ናት የምትቀርጸው፣ በዓይኔ አይቻታለሁ ብዬ። አሁን ምን ልበላቸው? ዋጋው ረክሶልን በወንድ ለወጥናት ልበል?»

በሱቁ ጥግ፣ የስልክ ካርድ በምትሸጥበት ትንሽ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠችው ሙስሊማ ሣቋን አፍና ቀና አለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከሃያ አንዱ ሴቶች አንዷም ናት።

«እኔ ብይዘውስ?» አለች። «ሠርግ ላይ የሴቶቹን ጓዳ በስልኬ የምቀርጸው እኔ አይደለሁ? እጄ አይንቀጠቀጥም።»

«ያ ስልክ ነው፤ ይህ ሌላ ነው» አለች ዘርፌ።

«ይህም ዓይን ያለው ነገር ነው። ሰውየው ያሳየኝ፤ ከዚያ ይውጣ።»

ካልቶማ ወደ ሙስሊማ፣ ከዚያም ወደ ዘርፌ ተመለከተች። «ይሞከር» አለች በመጨረሻ። «ግን የቀረጸችውን እርሷው ትያዘው። እርሱ እንዳያየው። ኋላ ሮዝ ስትመለስ ሮዝ ታየዋለች።»

ጄምስ ነገሩን በትዕግሥት ሰማ። ቅር ቢለውም በፊቱ አላሳየም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘርፌ ለረዥም ጊዜ የምትረሳው አይመስልም። ካሜራውን በደረጃው ራስ ባለው ወንበር ላይ አኖረና ስለ ቁልፎቹ አንድ ነገር አስረዳ፤ ከዚያም አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሙስሊማ ቀርባ ያየችውን ሞከረች፤ እርሷም ወደ ኋላ ተመለሰች። እርሱ ቀርቦ የሠራችውን ተመልክቶ አረመና እንደ ገና ራቀ። እንዲህ እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲቀርብ ሌላው እየራቀ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆዩ። እጃቸው አልተነካካም፤ ቃላቸውም ከሚያስፈልገው በላይ አልሆነም። ዘርፌ በመካከል ቆማ ስታያቸው፣ ልቧ ውስጥ አንዲት ቀጭን ተስፋ ብቅ ማለት ጀመረች፤ ፈራቻት።

«ይቺን መዘውር ግን እንዳትነካት» አለ ጄምስ፣ በካሜራው አፍ ላይ ያለችውን ቀለበት ከሩቅ እያመለከተ። «ብርሃኑን የምትለካው እርሷ ናት። እኔ በክፍሉ መብራት ልክ አስተካክያታለሁ።»

«አልነካትም» አለች ሙስሊማ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሴቶቹ አንድ በአንድ ገቡ። መጋረጃዎቹ ወረዱ፤ መቀርቀሪያው ገባ። የብራያን ማይክራፎን በዘርፌ አንገትጌ ላይ ተሰክቷል፤ እርሱ ግን ማዳመጫውን በጆሮው ደፍቶ ከበሩ ውጭ ተቀምጦ ነበር። ካልቶማ በሩን በጥቂቱ ከፈተችና በጣቷ ጠቆመችው።

«ጆሮው ላይ የደፋውንም ያውልቅ!»

«ማማ፣ ድምፁ እንዳይቋረጥ ነው የማዳምጠው» አለ ብራያን።

«ቢቋረጥ እንነግርሃለን። እኛ ስንዝለፈለፍና ስናቃስት የሰማኸውን ለማን ልትነግር ነው?»

ውስጥ ያሉት በሣቅ ፈነዱ። ብራያን እጁን እንደ ተሸናፊ አንሥቶ ማዳመጫውን አወለቀ።

ትምህርቶቹ ዐሥራ ሁለት ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ ተመድቦ ነበር፤ ጊዜውም እንደ ገንዘቡ ሳይተርፍ የተለካ ነው። ሙስሊማ በየትምህርቱ መካከል ካሜራውን ለማሰናዳት የምትወስደው ጊዜ ግን ከየትኛው መስመር ይቀነስ? ዘርፌ ከፊት ቆመች። ረቡዕ ስለ ሆነ ከንጋት ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሰችም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾመው ጾም ነው፤ ስለ ፊልም ብላ አታፈርሰውም። የአሸዋውን ጀሪካን ከፊቷ አድርጋ፣ ወገቧን ሳታጎብጥ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ከመሬት አነሣችው። ድምፅዋ ከራሷ ርቆ ተሰማት። ከኋላዋ ሃያ ሴቶች አብረው አነሡ።

«ቶኮ!» ብለው ቈጠሩ። «ለማ! ሰዲ!»

በዚያች ሰዓት እጅግ ያማሩ መሰላት። የለበሱት ሰፊ ቀሚስ በአንድነት እየተነሣ እየወደቀ፣ ድምፃቸው ከኮርኒሱ እየተላተመ፣ በአንድ ወቅት ቀና ብለው መሄድ ያቃታቸው ሁሉ ዛሬ ጀሪካኑን እስከ ደረታቸው ያነሣሉ። ከስድስት ዓመት በፊት ካልቶማን እዚህ ደረጃ ላይ ደግፈው ነበር ያወጧት። ይህን ሰው ቢያይ፣ በሩቅ ያለች አንዲት ሴት በስልኳ ብታየው፣ ከምንጣፏ ተነሥታ ትሞክረዋለች ስትል አሰበች። ለዚህ አይደለም እንዴ ሁሉ የተደከመው?

በስድስተኛውና በሰባተኛው ትምህርት መካከል ሙስሊማ ባትሪ ቀየረች። አቈልቁላ ጥቂት ጊዜ ከካሜራው ጋር ታገለች፤ ከዚያም አውራ ጣቷን አቁማ «ቀጥሉ» አለች። ዘጠነኛው እንዳለቀ በሩ ተንኳኳ። ዐሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሾፌሮቹ ከታች ተሰብስበዋል። ሦስቱ ትምህርቶች ሳይነኩ ቀሩ። ሴቶቹ ጅልባባቸውን እያስተካከሉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ የሠርግ ቤት የመሰለ ጫጫታ አነሡ።

ጄምስ ላፕቶፑን ከበሩ አሾልኮ ሰጠ። ካርዱ የት እንደሚገባ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ነግሮ ውጭ ቀረ። ዘርፌና ሙስሊማ በጥግ ባለ አግዳሚ ላይ አጎንብሰው ተመለከቱ።

ምስሉ አመድ ይመስላል። ሴቶቹ አሉ፤ ይንቀሳቀሳሉ፤ ጀሪካኑ ይነሣል። ቀለም ግን የለም። ግድግዳው፣ ልብሱ፣ የእጃቸው ቆዳ፣ ሁሉም በጉም ውስጥ እንዳለ ነገር ደብዝዟል። ሙስሊማ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች።

«አበላሸሁት» አለች በሹክሹክታ። «ባትሪውን ስቀይር ጣቴ ያችን መዘውር ነካት መሰለኝ። ወዲያው መለስኳት። የመለስኳት ይመስለኛል።»

ዘርፌ ወደ በሩ ወጣች። «አመድ ነው የሚመስለው፣ ጄምስ። ሁሉም።»

«መልካም» አለ፤ ፊቱ በራ። «እንዲያ ነው መሆን ያለበት። ይህ ካሜራ ሲቀርጽ ሆን ብሎ አደብዝዞ ነው፤ ቀለሙ በኋላ በቅንብር ይወጣል። ግን ሁለት ዓይነት አመድ አለ፣ ማማ። አንዱ ይድናል፤ አንዱ አይድንም። ብርሃን ከልክ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚጠፋው ነጭ ጨርቅ ነው፤ ከሰዎቹ ነጭ ሻሽ ያደረገ አለ?»

«ካልቶማ አድርጋለች።»

«የሻሹ እጥፋት ይታያል?»

ተመልሳ ገባች፤ አጎነበሰች፤ አየች፤ ወጣች። «እስከ ስድስተኛው ይታያል።»

«ከስድስተኛው በኋላስ?»

ገባች። ወጣች። «ነጭ ነው። አይ፣ ትንሽ ይታያል።»

«ትንሽ ማለት እንዴት ነው? እንደ መስመር ነው ወይስ እንደ ጥላ?»

ገባች። እጥፋቱን ፈለገችው። ባየችው ቁጥር ያለ ይመስላታል፤ እንደ ገና ስታየው የፈለገችው ስለ ሆነ ብቻ ያየችው ይመስላታል። ጭንቅላቷ በጾሙ ቀልሎ ምስሉ ከፊቷ ተዋኘ። «እግዚኦ» አለች ከከንፈሯ በታች። የሰውን ወገብ በእጇ ዳስሳ የትኛው አጥንት እንደ ተንሸራተተ ታውቃለች፤ ይህን ብርጭቆ ላይ ያለ ብርሃን ግን በምን ትዳስሰዋለች? ወጣች።

«አላውቅም» አለች። «እንደ መስመርም፣ እንደ ጥላም ነው።»

ጄምስ ረዥም ትንፋሽ ወሰደ። «ማማ፣ እኔ ሁለት ደቂቃ ብቻ ልየው። የማየው ሻሹን ነው፤ ሰዎቹን አይደለም። ካላየሁት ደኅና ነው ብዬ ልፈርም አልችልም። ካልፈረምኩ ደግሞ ቢሮው ለቅንብር አይቀበለውም። ነገ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን፤ ዓርብ ካሜራው ሌላ ቦታ ይጠበቃል።»

ወደ ሮዝ ደወለች። ከዘፈንና ከእልልታ መካከል የሮዝ ድምፅ መጣ። ነገሩን ስትነግራት ሮዝ ብዙ ጊዜ፣ «ፖሌ፣ ማማ፣ ፖሌ» አለች፤ አዝናለች። የምትመለሰው ግን ከወር በኋላ ነው። ካርዱን ማንም ቢሰጣት ታቀናብረዋለች፤ ዛሬ ብርሃን በዝቶበት የተቃጠለ ምስል ካለ ግን ያኔ ልትመልሰው አትችልም። «ጄምስ ይየው፤ ጨዋ ሰው ነው» እንዳለች ስልኩ ተቋረጠ።

ዘርፌ ወደ አዳራሹ ዞረች። ጫጫታው ሳታውቀው ጸጥ ብሏል። ሴቶቹ ጫማቸውን እያደረጉ ያዳምጡ ነበር፤ ስዋሂሊ የማይሰማ ከመካከላቸው የለም። ካልቶማ ነጭ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበችው። ዘርፌ ቁጣ ጠበቀች። ስድብ ጠበቀች። «አይሆንም» ብትባል እንኳ ቀልሏት በሄደች ነበር።

«ጊዜው ሄዷል፤ ሶላት ደርሷል» አለች ካልቶማ በዝግታ። «እኛ ስለ ካሜራ ምን እናውቃለን፣ ዘርፌ? የምናውቀው አንቺን ነው። ያየው ካልሽ ያየዋል፤ ባሎቻችንም አይሰሙም፤ እኔ አልነግርም። አያየውም ካልሽም አያየውም። አንቺ ወስኚ።»

ካርዱን ሙስሊማ ከላፕቶፑ አውጥታ በዘርፌ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ በላብ የረጠበ፣ ክብደት የሌለው ነገር ነው። ሃያ ሴቶች፣ መቶ ሰማንያ ሺሕ ሽልንግ፣ ስድስት ዓመት፣ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነበር፤ ወይም አልነበረም።

ጄምስ ከበሩ ውጭ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ሰፊ፣ ንጹሕ መዳፍ። ዘርፌ እጁን አየችው። ቢያየው ማን ይሞታል? ሁለት ደቂቃ ነው። ነጭ ጨርቅ ነው። ነገር ግን ሴቶቹ በነገው ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ ይህን ደረጃ ሲወጡ፣ መቀርቀሪያው ሲገባ፣ ከውስጥ መዘጋቱን እንደ ትናንቱ ያምኑት ይሆን? ባያምኑትም አይነግሯትም። አንዲት ትቀራለች፤ ቀጥላ ሌላዋ ትታመማለች፤ ሦስተኛዋ እንግዳ ይመጣባታል። ባያየው ደግሞ፣ ዘጠኝ ቀን ተቈጥሮ ሰዓቱ ራሱ ይቀራል። ከሁለቱ መንገዶች የሚሻለውን ፈለገችና ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ሲወርዱ አየች።

የዘረጋውን እጅ በግራ እጇ ያዘችው። ጣቶቹን ወደ ባዶው መዳፉ አጠፈቻቸው፤ ካርዱ በቀኝ እጇ ቀረ።

«ማማ» አለ ጄምስ፤ ድምፁ ተጎዳ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

የምትመልሰውን በስዋሂሊ ፈለገች፤ በአማርኛም ፈለገች። ጄምስ ራሱን ነቅንቆ፣ ገመዶቹን ሊጠቀልል ሄደ።

ሴቶቹ በአጠገቧ እያለፉ ወረዱ። አንዳንዷ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ካልቶማ ጅልባቧን እየጠቀለለች አለፈች፤ አመስግና ይሁን አዝና አልታወቀም። ሾፌሮቹ ለሴቶቹ መንገድ ለመልቀቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በደረጃው ዳርና ዳር ቆመው ነበር። ከእነርሱ መካከል ሰሊም እየሣቀ ሲወጣ ታየ።

«እህ፣ እትዬ ዘርፌ!» አለ ጮክ ብሎ። «አለቀ? አማረ? መቼ ነው የምናየው?»

በደረጃው ላይ ያሉት ሴቶች ለቅጽበት ቀጥ አሉ። ከዚያ አንዷ ሣቀች፤ ሌላዋ ተከተለቻት፤ ሣቁ ከአንዷ ወደ አንዷ እየተላለፈ ደረጃውን ወርዶ፣ በጎማ መሸጫው ፊት አልፎ፣ ወደ ገበያው መንገድ ዘለቀ። ሰሊም ምን እንዳሣቃቸው ባያውቅም አብሮ ሣቀ።

ዘርፌ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችው፤ እየራቀ፣ እየቀጠነ እስኪሄድ ድረስ። ሰሊም አሁንም ቀና ብሎ መልሷን ይጠብቅ ነበር።